ተረት ይዞ ወደ ጫካ፦ ለልጆቻችን አካል፣ ዓይንና ልብ የሚበጅ የቤተሰብ የእግር ጉዞ



ዛሬ መድኃኒት አላዝም። የማዘው ዳቦ፣ ውኃ፣ ጥሩ ጫማ እና ተረት ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና የፊታችን ቅዳሜ ወይም እሑድ ሞክሩት።

«ልጄ ስልክ ካልከፈትኩለት አይበላም።» «ስንጠራው አይሰማንም።» «ቤት ውስጥ ሲዘል ይውላል፣ አላስቀምጥ አለን።» «ሌሊት እየባነነ ይነሳል።» እነዚህን ቅሬታዎች ከወላጆች ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት የለም። አንዳንዱ በእርግጥ ምርመራ ይፈልጋል። የመስማት ችግር፣ የንግግር መዘግየት፣ የደም ማነስ፣ የእንቅልፍ መታወክ ሊኖር ይችላልና ሐኪም ማየት አለበት። ብዙውን ጊዜ ግን ጠጋ ብዬ ስጠይቅ የማገኘው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ ልጁ የሚሮጥበት ሜዳ የለውም፣ የሚያዋራውም ሰው አጥቷል። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ ሠራተኛዋ ሥራ ይበዛባታል፤ አባትና እናት ሲመሸ ደክሟቸው ይገባሉ፤ አያት ሌላ ሰፈር ናቸው። ስልኩ ብቻ ሁልጊዜ አለ።

እስቲ መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብን ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ ይመክራል። የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ደግሞ በቀን 180 ደቂቃ በተለያየ መልኩ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ሩጫ፣ ዝላይ፣ ዳገት የመሰለ ጠንከር ያለ መሆን አለበት። ስክሪንን በተመለከተ ድርጅቱ እ.ኤ.አ በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው ይላል። አሁን የራሳችሁን ልጅ ውሎ በዚህ መዝኑት። ብዙዎቻችን ሚዛኑ ተገልብጦ ነው የምናገኘው አይደል?

ታዲያ መፍትሔው «ስልኩን ቀሙት» ብቻ ከሆነ ጦርነት ነው። የቀማችሁትን በምን ትተኩታላችሁ? እኔ የምለው በጫካና በተረት ተኩት ነው።

ለምን ጫካ?

አንደኛ፣ ለዓይን። በልጅነት ቅርብ ቅርቡን ብቻ እያየ የሚያድግና ከቤት የማይወጣ ልጅ ሩቅ ያለውን አጥርቶ ያለማየት ችግር (ማዮፒያ) የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህ የሚሆነው የዓይን ኳስ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ሲረዝም ነው። የቀን ብርሃን ይህን መርዘም ለመግታት እንደሚረዳ ጥናቶች ያሳያሉ። ቤት ውስጥ ያለው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሉክስ አይበልጥም፤ ውጭ ግን ጥላ ሥር ቆማችሁ እንኳ በሺዎች ይቆጠራል። ብዙ የዓይን ሐኪሞች ለልጆች በቀን እስከ 2 ሰዓት ውጭ መሆንን የሚመክሩት ለዚህ ነው። መነጽር የጀመረ ልጅ በእግር ጉዞ መነጽሩን አይጥልም፤ ያልጀመረው ግን የመጀመር ዕድሉ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ለትኩረት። እ.ኤ.አ በ2009 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት የትኩረት ችግር (ኤዲኤችዲ) ያለባቸውን 17 ልጆች ለ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ በመናፈሻ፣ ሌላ ጊዜ በከተማ መንገድና በመኖሪያ ሰፈር አስጉዞ ነበር። ልጆቹ የተሻለ ትኩረት ያሳዩት ከመናፈሻው ሲመለሱ ነው። 17 ልጅ ትንሽ ነው፤ መድኃኒትንም አይተካም። ነገር ግን 20 ደቂቃ ምን ያስከፍላል?

ሦስተኛ፣ ለትልልቆቹም ነው። እ.ኤ.አ በ2019 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ ሥፍራ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናችን ጥሩ ነው የማለት ዕድላቸው ከማይወጡት ይልቅ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። 120 ደቂቃው በአንድ ቀንም ይሁን ተከፋፍሎ ለውጥ አልነበረውም። ስለዚህ አንድ የእሑድ ጉዞ ይበቃል ማለት ነው።

ለምን ተረት?

ከልጅ ጋር ተጉዞ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄድ «ደከመኝ፣ እዘሉኝ» ይላል። ያው ልጅ ግን «እዚያ ትልቁ ዛፍ ጋ ስንደርስ አንበሳው ምን እንዳለ እነግርሃለሁ» ሲባል ቀድሞ ይሮጣል። እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ጆሮው ነው።

ከዚያም በላይ የአማርኛ ተረት አጀማመሩ ራሱ ለንግግር እድገት የተሠራ ይመስላል። ተራቹ «ተረት ተረት» ሲል ሰሚው «የመሠረት» ወይም «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ያነሳል። ልጅ ቋንቋ የሚማረው በዚህ ቅብብል ነው። ቪዲዮ ያወራል እንጂ አይጠብቅም፤ ልጁ ቢመልስም ባይመልስም ይቀጥላል። አባባ ተስፋዬ (ነፍሳቸውን ይማርና) በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርተ ዓመታት ተረት ሲነግሩን ልጆቹን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ እየጠየቁና እያስመለሱ ነበር። ዛሬ ያ ወንበር ባዶ ነው። የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

የት እንሂድ?

ለምሳሌ ያህል መናገሻ ሱባ ጫካን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጥንታዊ የደጋ ደን ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ከፍ ሲል ደግሞ አስታ ይገኝበታል። ጫካው ራሱ በተረት ነው የሚጀምረው፦ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ ይነገራል። ንጉሥ፣ ሩቅ አገር፣ ዘር፣ አምስት መቶ ዓመት። ልጅ ይህን ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

ሱባ ከራቃችሁ ከከተማው ሳትወጡ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል እና የእንጦጦ ፓርክ አሉ። እንጦጦ ላይ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ መሆኑን ንገሯቸው። ክፍለ ሀገር ያላችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደጃችሁ የቤተ ክርስቲያን ደን አለ። ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው ከአካባቢው ጠፍቶ እዚያ ግቢ ውስጥ የተረፈበት ቦታ ብዙ ነው። በአክብሮት፣ በጸጥታ፣ የአካባቢውን ሰው አስፈቅዳችሁ ግቡ።

ከመሄዳችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ጠይቁ፤ ምልክት ባለበት መንገድ፣ ከተቻለም ከአስጎብኚ ጋር ሂዱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምራችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ብትወጡ መልካም ነው።

አሁን ጉዞው። አምስት ማረፊያ አለው። ለ3 እና 4 ዓመት ልጅ አንድ ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ አንቀልባም ያዙ፣ መመለሻው ላይ ያስፈልጋችኋል። ከ5 እስከ 7 ላለው ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በላይ ላሉት አራት አምስት ኪሎ ሜትር እያረፉ መሄድ ይቻላል።

ማረፊያ 1፦ ትልቁ ጽድ

ጽድ እስከ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዛፉን ይቀፉት፤ ስንት ልጅ አንድ ዛፍ ይሆናል? ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጫፉን ይፈልጉት። ዓይን ሩቅ አይቶ የሚያርፍበት ጊዜ ይህ ነው። የንጉሡንና የዘሩን ታሪክ እዚህ ንገሯቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ንጉሡ ዛፉ ሲያድግ እንደማያየው እያወቀ ለምን ተከለ?» መልሱን አትንገሯቸው። መንገዱን ሙሉ ያስቡበት።

ማረፊያ 2፦ የጉሬዛ ጸጥታ

ሱባ ውስጥ ዕድል ከቀናችሁ ጉሬዛ ታያላችሁ። ጥቁር ሆና ነጭ ካባ የደረበች ትመስላለች። እሷን ለማየት ዝም ማለት ያስፈልጋል። «ሁለት ደቂቃ ማንም አይተንፍስም» በሉ (መተንፈስስ ይተንፍሱ)። ዓይናቸውን ጨፍነው የሰሙትን ድምፅ በጣታቸው ይቁጠሩ፦ ወፍ፣ ንፋስ፣ የራሳቸው ልብ። በደቂቃ ሃያ ጊዜ ምስል ለሚቀያየርበት ዓይን ይህ ትልቅ እረፍት ነው።

ጉሬዛዋ ብትታይም ባትታይም «ይህን ነጭ ካባ ማን ሰጣት?» ብላችሁ ጠይቁና ተረቱን እነሱ ይፍጠሩት። የአራት ዓመት ልጅ የሚፈጥረው ተረት አይያያዝም፤ አትሳቁበት፣ አታርሙትም። «ከዚያስ?» ማለት ብቻ በቂ ነው። እንዲህ እያሉ ማውራት የቃላት ሀብትን ያሳድጋል፤ እናንተም የልጃችሁን የንግግር ደረጃ በደንብ ትታዘባላችሁ። የሁለት ዓመት ልጅ ሁለት ቃል ካላጣመረ፣ የሦስት ዓመት ልጅ የሚለው ለሌላ ሰው ጨርሶ የማይገባ ከሆነ ለሐኪም አሳዩት።

ማረፊያ 3፦ ዳገቱና የሩቁ እሳት

ዳገት ስትጀምሩ ይህን ተርኩ። ድሮ አንድ ሀብታም ከአሽከሩ ጋር ተወራረደ፦ «ያለ ልብስ፣ ያለ እሳት ተራራው ጫፍ ላይ አንድ ሌሊት ካደርክ መሬትና ከብት እሰጥሃለሁ።» አሽከሩ ጨነቀውና አንድ ሽማግሌ አማከረ። ሽማግሌው «እኔ ማዶ ካለው ተራራ ላይ እሳት አነድልሃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ እሳቱን እያየህ፣ ለአንተ ብዬ እንደነቃሁ አስብ» አለው። አሽከሩ እየተንቀጠቀጠ እሳቱን ሲያይ ነጋለት። ሀብታሙ ግን «እሳት አይተሃል፣ ውሉ ፈርሷል» ብሎ ካደው፤ ዳኛውም ለሀብታሙ ፈረደ። ከዚያ አንድ ብልህ ሰው ሁሉንም ግብዣ ጠራ። የወጡ ሽታ ከጓዳ ያውዳል፣ ገበታው ግን ባዶ ነው። እንግዶቹ ሲያጉረመርሙ «ሽታው አላጠገባችሁም? የሩቅ እሳት ማየት ሰው ካሞቀ፣ የወጥ ሽታም ያጠግባል» አላቸው። አሽከሩ ሽልማቱን አገኘ።

ልጆቹን ጠይቁ፦ «እሳቱ አሞቀው ወይስ አላሞቀውም?» ይከራከሩ። እኔ እንደ ሐኪም ብጠየቅ ሰውነቱን አላሞቀውም እላለሁ። ግን ለእኔ ብሎ የነቃ ሰው አለ ብሎ ማወቅ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ በየቀኑ አያለሁ። መርፌ ሲወጋ እናቱ እጁን የያዘችለት ልጅና ብቻውን የተያዘ ልጅ እኩል አይጮኹም።

ዳገቱ ላይ አተነፋፈሳቸውን ተከታተሉ። እየሄደ ማውራት የሚችል ግን መዝፈን የሚያቅተው ልጅ ልኩ ላይ ነው። ማውራት ካቃተው አሳርፉት። ከፍታ ቦታ ነው፤ እንጦጦ አናቱ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ወጨጫም እንዲሁ። ከቆላ አካባቢ የመጣ እንግዳ ካላችሁ ቀስ ይበል።

ማረፊያ 4፦ መክሰስ

«ዝንጀሮ መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች» ይባላል። እኛም መቀመጫችንን እናመቻች። ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ውኃ ይበቃል። ለስላሳ መጠጥ አያስፈልግም። አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ደረቅ ዳቦ ቆሎ አትስጡ፣ በተለይ እየሮጠና እየሳቀ። ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ያንቃል። ከጫካ ሆስፒታል ሩቅ ነው።

ለዝንጀሮና ለጦጣ ምግብ አትስጡ። መመገብ የለመደ ዝንጀሮ ይቀማል፤ ሲቀማ ይቧጥጣል፣ ይነክሳል።

ማረፊያ 5፦ የአንበሳው ፀጉር

ይህን ተረት ለልጆቹ ስትነግሩ እናንተም ስሙት፤ የተሠራው ለወላጅ ነው ባይ ነኝ። እናቱ የሞተችበት ልጅ ነበር። አባቱ ሌላ ሚስት አገባ። እንጀራ እናቱ ብትወደውም ልጁ አልቀረባት አለ። ምግቧን ይተዋል፣ ስታናግረው ይሸሻል። ሴትዮዋ አዋቂ ዘንድ ሄደች። «ከአንበሳ ሦስት ፀጉር ነቅለሽ አምጪልኝ» አላት። እሷም ሥጋ ይዛ ወደ ጫካ ሄደች። የመጀመሪያ ቀን ከሩቅ አስቀምጣ ሄደች። በማግሥቱ ትንሽ ጠጋ አለች። ቀናት አለፉ፣ ሳምንታት አለፉ፤ አንበሳው ለመዳት፤ ከአጠገቧ ሲበላ ሦስት ፀጉር ነቀለች። ለአዋቂው ስትሰጠው «አንበሳን እንዲህ ያላመድሽ፣ ልጁ እንዴት ያቅትሻል? በዚያው መንገድ ሂጂበት» አላት።

ይህ ተረት ለእንጀራ እናት ብቻ አይደለም። ከሥራ ብዛት ከልጁ ለተለየ አባት፣ ከዓረብ አገር ተመልሳ ልጇ «እማዬ» ሊላት ላቃተው እናት፣ በሩን ዘግቶ የሚውል የ13 ዓመት ልጅ ላለው ቤተሰብ ሁሉ ነው። ልጅ በአንድ ቀን አይመለስም። በጥያቄ ብዛትም አይመለስም፤ «ትምህርት እንዴት ነው? ለምን አትናገርም? ምን ሆነሃል?» ሥጋውን ይዞ አንበሳው ላይ እንደመሮጥ ነው። ጎን ለጎን ስትሄዱ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፣ ቃል ባይኖር እግር አለ፤ ከባዱ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚወጣው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ዛሬ ካልወጣ ሥጋውን አስቀምጡና ሂዱ። የሚቀጥለው እሑድ አለ።

ጅቡስ?

ጫካ ሲነሳ ጅብ አይቀርም። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር። ብዙዎቻችን ያደግነው «ዝም በል፣ ጅብ መጣ!» እየተባልን ነው። ዛሬም «ካልበላሽ ለጭራቅ እሰጥሻለሁ» የሚል ቤት ሞልቷል። ከጅብ ቀጥሎ ያለው ማስፈራሪያ ማን መሰላችሁ? እኛ ሐኪሞች ነን! «ካልተኛህ መርፌ ነው የማስወጋህ።» እንዲህ የተባለ ልጅ ታሞ ሲመጣ ነጭ ጋዋን ገና ሲያይ ይጮኻል። እያለቀሰ ልቡን ማዳመጥ፣ ሆዱን መዳሰስ ያስቸግራል። ምን ጊዜ እንደሚያመው ደብቆ ዝም የሚል ልጅም አለ፤ ሲነግር መርፌ ይመጣልና። በዚህ ምክንያት ሕመም ሳይታወቅ ይቆያል። ይህ ቀልድ አይደለም።

ከ3 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ጨለማንና አውሬን መፍራት የተለመደ ነው፤ የልጁ ምናብ እያደገ መሆኑን ያሳያል። ይህን ፍርሃት ለመታዘዣ ስንጠቀምበት ግን ወደ አልጋው ይዞት ይገባል።

የተረቱ ጅብ ከማስፈራሪያው ጅብ ይለያል። የተረቱ ጅብ ሆዳም ነው፣ ሞኝ ነው፣ ይታለላል። በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» የሚል ጉረኛ ነው። ልጅ ሲስቅበት ጅቡ ያንሳል። ሐረር ላይ ደግሞ ጅብን በስም እየጠሩ ከእጃቸው ሥጋ የሚያጎርሱ ሰዎች እንዳሉ ንገሯቸው። (እቤት አይሞከርም!) የጅብ ተረት በቀን፣ እጃቸውን ይዛችሁ፣ መጨረሻው በሰላም የሚያልቅ አድርጋችሁ ንገሩ። መጨረሻ የሌለው ማስፈራሪያ ልጅን ያስጨንቃል፤ መጨረሻ ያለው ተረት ግን ፍርሃት እንደሚያልፍ ያስተምራል።

አያቶችን አትተዉ

ይህን ጉዞ ያለ አያት ማድረግ ያለ በርበሬ ወጥ መሥራት ነው። ተረቱ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። ለእሳቸውም መውጣቱ፣ መፈለጋቸው፣ መሰማታቸው ጤና ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሳያቋርጡ፣ ምግብ በልተው፣ ምርኩዝ ይዘው ይምጡ። ጉልበት ካመማቸው መግቢያው አካባቢ ወንበር ላይ ተቀምጠው የመጨረሻውን ተረት ይጠብቁን። ደረት የሚያስጨንቅ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው።

በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በሕፃን ጋሪ ለሚሄድ ልጅ ጥርጊያ ወይም ንጣፍ ያለው መንገድ ምረጡ። ተረት እግር አይጠይቅም።

ውጭ አገር ላላችሁ

ጀርመን አገር ከሃናው ተነስቶ እስከ ብሬመን የሚደርስ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የተረት መንገድ አለ። እ.ኤ.አ በ1975 የተመሠረተ ሲሆን የግሪም ወንድማማቾችንና የሰበሰቧቸውን ተረቶች ከተሞች ያያይዛል። ሃናው ለፍራንክፈርት ሐበሾች ቅርብ ናት። ልጆቻችሁ እዚያ ተኩላና ጠንቋይ ሲሰሙ እናንተ በአማርኛ ጦጣንና ጅብን ጨምሩበት። «ሁለት ቋንቋ ልጁን ያዘገየዋል» የሚባለውን አትስሙ፤ ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም። አማርኛው የቤት ትእዛዝ ብቻ ሲሆን ልጅ ይሰለቸዋል፤ ተረት ሲሆን ግን ራሱ ይፈልገዋል።

የሐኪም ማስታወሻ (ይህን ሴቭ አድርጉት)

ጫማ፦ የተዘጋ፣ የማያንሸራትት። በክረምት ጭቃ ያዳልጣል፤ ጋቢ ወይም ሹራብ አይረሳ።

ፀሐይ፦ ከፍታ ላይ ብርድ ቢሆንም ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ባርኔጣ ይደረግ።

አስም ያለበት ልጅ፦ ቀዝቃዛ አየርና ሩጫ ሊያስነሳበት ይችላል። የሚነፋው መድኃኒት ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ መኪና ውስጥ አይቀመጥ። ነፍቶ ካልተሻለው ወይም መናገር ካቃተው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም።

ፍሬ፦ ቀጋና ኮሽም ይበላሉ፤ እምቧይ ግን መርዝ ነው። ልጅ ስለማይለይ ሕጉ አንድ ይሁን፦ «ሳይጠየቅ ምንም አይቀመስም።» እንጉዳይ ጨርሶ አይነካ።

ሳማ፦ አትከኩት። በውኃ እጠቡት፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጉበት። ያልፋል።

መዥገር፦ ቤት ስትገቡ ከጆሮ ኋላ፣ ብብትና ጭን መካከል ፈትሹ። ካለ በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በእሳት ወይም በጋዝ አይሞከር። በቀጣዮቹ ቀናት ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ይየው።

የውሻ፣ የዝንጀሮ ወይም የሌላ አውሬ ንክሻና ጭረት፦ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዳችሁ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ጠይቁ። ጭረቱ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። ይህ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተከተበ ግን ይድናል።

እባብ ከነደፈ፦ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ አጥብቃችሁ አትሠሩ። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ ተሸክሞ ወደ ሆስፒታል።

ስልክ፦ አንድ ስልክ ለድንገተኛ ጊዜ ይብራ። የቀረው ቦርሳ ውስጥ ይተኛ፤ የአባትና የእናትም ጭምር!

ቆሻሻ፦ የላስቲክ ጠርሙሱ ከእናንተ ጋር ይመለስ። አምስት መቶ ዓመት የቆየ ጫካ የእኛን ፌስታል አይፈልግም።

መኪናው ጋ ስትመለሱ ልጆቹን በክብ አስቀምጡና ከሰሙት ውስጥ አንዱን እነሱ ይተርኩላችሁ። ተሳስተው ይናገሩት፣ ጅቡን ንጉሥ ያድርጉት፣ አንበሳው ባሕር ዛፍ ይብላ። የሚያወሩበት ቀን መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ሲጨርሱ የድሮውን የተረት መዝጊያ አስተምሯቸው፦ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ!» ዳቦውን ለዚህ አስቀሩላቸው።

ይህን ጽሑፍ ልጅ ላላቸው ወዳጆቻችሁ፣ በተለይ ደግሞ ተረት ለሚያውቁ አያቶች አድርሱልኝ።

መልካም ጉዞ፣ ጤና ይስጥልኝ።